የክሌም ጊቲንስ ፍንጭትና የኔትል ሳህን

ክሌም ጊቲንስ የሚኮራባቸው ሁለት ነገሮች ነበሩት፦ ኔትል የምትባለው ስፓኒየል የአደን ውሻውና በሁለቱ የፊት ጥርሶቹ መካከል ያለው ፍንጭት። ሚስቱ ኔስታ ከሁለቱ ውስጥ አልተቆጠረችም፤ እሷም አልተቀየመችም። «ሦስተኛ መሆን ይሻላል» ትላለች፤ «ሦስተኛውን በፉጨት የሚጠራው የለም።»

በዚያ ሸለቆ፣ እንግሊዝ አልቆ ዌልስ ሊጀምር ሲል ምድሩ እንደ ተጨማደደ ብርድ ልብስ በሚሆንበት አገር፣ ውሻ ያለው ሁሉ አንገቱ ላይ ፊሽካ ያንጠለጥላል። ፊሽካው ፕላስቲክ ነው። ከአንድ ፋብሪካ ይወጣል፣ በአንድ ድምፅ ይጮኻል። ክሌም ግን ፊሽካ ነክቶ አያውቅም። ምላሱን ከፍንጭቱ ኋላ ሰካ አድርጎ አንዴ «ፉት!» ካለ፣ ኔትል አፍንጫዋ የጥንቸል ጅራት ላይ ቢሆን እንኳ ቂጧ መሬት ይነካል። ሁለቴ ካለ ትመለሳለች። ጠምዘዝ አድርጎ ካፏጨ ደግሞ ቁጥቋጦውን ከግራ ወደ ቀኝ ትፈትሻለች።

«ፊሽካ ለኳስ ዳኛና ለትራፊክ ፖሊስ ነው» ይላል መጠጥ ቤት ውስጥ ብርጭቆውን እያሽከረከረ። «በሱቅ ፊሽካ የሚቆም ውሻ የሕዝብ ውሻ ነው። የነፋ ሁሉ ይነዳዋል።»

ይህን የሚናገረው ግዌንዳ እዚያው መቀመጧን አረጋግጦ ነው። ግዌንዳ ባሏ የሞተባት በግ አርቢ ናት። ሦስት ስፓኒየሎች አሏት፤ ፊሽካዋን ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ እንኳ አታወልቅም።

«አንተ ክሌም፣ አፍህ ተከድኖ ስለማያውቅ እኮ ነው ነፋሱ የሚያመልጥህ» ትለዋለች። «ፉጨት ብለህ ትኮራበታለህ፤ እኛ ቀዳዳ ነው የምንለው።»

ቤቱ ይስቃል። ክሌምም ይስቃል፤ ፍንጭቱ እንዲታይለት።

ሰውየው ዕድሜውን ሙሉ በመንገድ ዳር ያለ የእሾህ አጥር ሲከረክም ኖሮ ጡረታ የወጣ ነው። ውሾቹን ሁሉ በሚወጋና በሚለበልብ ተክል ነው የሰየማቸው። ብራምብል ነበረች፣ ቲስል ነበር፣ ጎርስ ነበር። አሁን ኔትል አለች፤ ትርጓሜዋ ሳማ ነው። ጥንዶቹ ልጅ ስላልወለዱ ጎረቤት እግዚአብሔርን ያመሰግናል። ልጁ ምን ተብሎ ሊጠራ እንደነበር ማን ያውቃል?

ኔትል ቡናማና ነጭ ናት። ጆሮዋ እንደ አሮጌ መጋረጃ ወለሉን ይጠርጋል፣ የተቆረጠ ጅራቷ አያርፍም። ሥራ ባለበት ቀን እሾህ ውስጥ በደረቷ ገብታ ወጥታ፣ ከንፈሯ ደምቶ፣ ጆሮዋ ጭጎጎት ለብሶ ትመለሳለች፤ እንደ ሰርገኛ ትደሰታለች። ሥራ በሌለበት ቀን ግን እግዜር ያውጣችሁ። የወንበሩን እግር ትበላለች፣ ምንጣፉን ትቆፍራለች፣ በበርና በመስኮት መካከል ስትመላለስ ትውላለች። ክሌም እንዲህ ያለውን ነገር በውሻ ላይ «ደም» ይለዋል። እሱ ራሱ ጡረታ ከወጣ ወዲህ በበርና በመስኮት መካከል የሚመላለሰው ግን በደም አይደለም፤ «አየሩን ለማየት» ነው።

ሥራው ይህ ነው። ብርዱ በገባ ቁጥር የባለርስቱ ደን ውስጥ ፌዛንት ይታደናል፤ ፌዛንት ከቆቅ የሚተልቅ፣ ጅራተ ረጅም፣ አእምሮው አጭር ወፍ ነው። ገንዘብ ያለው ሜዳው ላይ ጠመንጃ ይዞ ይቆማል። ገንዘብ የሌለው ከውሻው ጋር በደኑ ውስጥ ተሰልፎ ወፉን ወደ ጠመንጃው ያባርራል። ወፉ ይሞታል። ሦስቱም ወገን በዚህ ሥርዓት ደስተኛ ነው ይባላል፤ ወፉን የጠየቀ ግን እስካሁን የለም። አባራሪዎቹም ቢሆኑ ማን ይተኩስ፣ ማን እሾህ ውስጥ ይግባ ብለው ጠይቀው አያውቁም። የሚከራከሩት የማን ውሻ ትበልጣለች በሚለው ነው። ለገዢ መደብ ከዚህ የተሻለ ፖሊስ አልተፈጠረም።

በሰልፉ ውስጥም ማዕረግ አለ። ውሻ ያለው ከላይ ነው። ውሻ የሌለው ደግሞ በዱላ ጫፍ የማዳበሪያ ከረጢት ታስሮለት ያንን እያራገበ ይሄዳል። «ባንዲራ ያዥ» ይሉታል። ክሌም ባንዲራ ያዦችን ሰላም አይልም ነበር።

ምግብ የኔስታ ክፍል ነው። ማታ አንዴ፣ በሙቅ ውኃ የራሰ የውሻ ብስኩትና ጥሬ ጨጓራ፤ ብርዱ ሲጠና አንድ ማንኪያ ሞራ። ጠዋት ሥራ ካለ ቁራሽ ዳቦ ብቻ፤ ጠግቦ የሚሮጥ ውሻ አንጀቱ ይታጠፋልና። የበሰለ የወፍ አጥንት ደግሞ ፈጽሞ አይሰጥም፤ ይሰነጠቅና ጉሮሮ ይወጋል። አንድ ሌላ ሕግም አላት። የቆርቆሮውን ሳህን በማንኪያ «ቃን! ቃን!» ታደርጋለች። ኔትል ባለችበት ትቀመጣለች፤ «በይ» እስክትባል አትነቃነቅም። ከቡችላነቷ ጀምሮ አንድም ማታ አልቀረም። የተቀመጠ ይበላል፣ ያልተቀመጠ ያያል።

ክሌም ይህን ሥልጠና ብሎ አልቆጠረውም። ሥልጠና ማለት ለእሱ ሜዳ ላይ በወንድ አፍ የሚሰጥ ነገር ነው። የማድቤቱ ግን ሴት ከሳህን ጋር የምታደርገው ጫጫታ ነበር።

ታኅሣሥ መግቢያ ላይ ከአንድ ትልቅ አደን በኋላ፣ እንደ ልማዱ ለያንዳንዱ አባራሪ ጥንድ ፌዛንት ተሰጠ። ኔስታ አንዱን ለእሑድ ምሳ ጠበሰችው። ክሌም ጭኑን በእጁ አንስቶ ትችት ጀመረ።

«ጌቶቹ ዘንድሮ እንኳ መተኮስ ለምደዋል። ይኸን ተመልከች፤ አንድ እርሳስ እንኳ የለበት—»

ቃጭ!

እርሳሱ ነበረበት። ከምስር ፍሬ የማትበልጥ የጥይት እርሳስ ሳህኑ ላይ ወደቀች፤ ከኋላዋ ግማሽ የፊት ጥርስ ተከተላት።

«ቀስ ብለህ ብላ ብዬህ ነበር» አለች ኔስታ።

«ቀስ ብዬ ነው እኮ የበላሁት!»

«እንግዲያው ቀስ ብለህ ነው የሰበርከው።»

ጌቶች የሚተኩሱት ወደ ሰማይ ነው። እርሳሱ የሚያርፈው ግን ምንጊዜም ታች ካለው ሰው አፍ ውስጥ ነው። ስለ መሬት ሥሪት ብዙ ጽሑፍ ከማንበብ አንድ ፌዛንት በጥንቃቄ ማኘክ ይበቃል።

የጥርስ ሐኪሙ ወጣትና ደግ ነበር። ስባሪውን ነቅሎ ሰው ሠራሽ ጥርስ ከነመያዣው ገጠመለትና መስታወት አስያዘው። «ያንን ክፍተትም አብሬ ዘግቼልዎታለሁ» አለው፣ ምርቃት እንደጨመረ ነጋዴ እየሳቀ።

ክሌም መስታወቱን አየ። የፓርላማ እጩ ይመስላል። ምላሱን ሰክቶ ነፋ። «ፍስስስ።»

ቤቱ ሄዶ ጥርሱን አውልቆ ነፋ። «ፉሁሁሁ።» ኔትል የሚተነፍስ ጎማ እንደምታይ ሁሉ አንገቷን ዘንበል አድርጋ አየችውና ወደ ጓሮ ሄደች።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ጉዱ ወጣ። የፌዛንት ባሕርይ እንዲህ ነው፦ መብረር አይወድም፤ ከሰልፉ ፊት ፊት በእግሩ ይሮጥና ደኑ ጫፍ ላይ ባለው ጥግ ይከማቻል። እዚያ ጥግ ላይ ውሾቹ ቁጭ ይላሉ፣ ሰው ቀስ ብሎ ሁለት ሦስቱን ያስነሳል፣ ጌቶቹም ቀስ ብለው ይተኩሳሉ። ክሌም ነፋ። ነፋሱ ወጣ፣ ፉጨቱ ቀረ። ኔትል እንደ ሮኬት ጥጉ ውስጥ ገባች። ወፉ ሁሉ ባንድ ጊዜ እንደ አንበጣ መንጋ ተነሣ። ሁለት አፈሙዝ ብቻ ያላቸው ጌቶች ሰማይ በሥጋ ሲሸፈን ቆመው አዩ።

የደኑ ጠባቂ ዴልዊን ፕሪስ ነበር፤ ጌቶቹ ፊት ትሑት፣ አባራሪዎቹ ፊት ንጉሥ። እሾሁን እየጣሰ መጣ።

«ጊቲንስ! ይቺ ውሻ ናት ወይስ መዓት?»

«ጥርሴ ነው ፕሪስ። ጥርሴ—»

«ስለ ጥርስህ ለሐኪም ንገር። እኔ ደን ውስጥ የሚጮኽ ሰውም አልፈልግም፣ የማትቆም ውሻም አልፈልግም። የገና ማግስት ትልቁ አደን ነው፤ ባለርስቱ እንግዶቹን ይዞ ይመጣል። እስከዚያ ቆማ ትገኝ። ካልቆመች እሷን ቤት ታስራታለህ፣ አንተ ባንዲራ ትይዛለህ።»

ከኋላ ከባንዲራ ያዦቹ አንዱ «እንኳን ደህና መጣህ ክሌም፤ ከረጢት እንመርጥልሃለን» አለ። ሰላም ካልተባሉት አንዱ ነው።

ከዚያ ቀን ወዲያ ክሌም መቀመጥ አቃተው። ባንዲራው ብቻ አልነበረም ያስጨነቀው። ከሰልፍ የተባረረ ስፓኒየል ምን እንደሚሆን ያውቃል። ወይ ወንበርና በር እየበላ ያብዳል፣ ወይ ተወፍሮ ይሞታል፣ አለዚያም ከተማ ላሉ ደግ ሰዎች ይሰጥና በሕፃን ጋሪ ይዞራል። ኔትልን በጋሪ! ሻይ ሳይጨርስ ይነሣል፤ ደጅ ወጥቶ ለምን እንደወጣ ይረሳል። እሱ ወደ በሩ ሲሄድ ኔትል ወደ መስኮቱ ትሄዳለች፤ ሲመለስ ትመለሳለች።

«ሁለታችሁንም ጓሮ አሥሬ በር እዘጋለሁ» አለች ኔስታ።

ጣቶቹን አፉ ውስጥ ከትቶ ሞከረ፤ ምራቅ ብቻ ወጣ። የሣር ቅጠል በአውራ ጣቶቹ መካከል ወጥሮ ነፋ፤ የጎረቤት አህያ መለሰችለት። «ሃፕ!» እያለ ጮኸ፤ ሃፕ በስፓኒየል ቋንቋ ተቀመጪ ማለት ነው። ኔትል ግን ሩቅ ስትሆን የሰው ድምፅ እንደ ሬዲዮ ዜና ነው የምታየው።

«ሳህኑን ለምን አትወስድም?» አለች ኔስታ እራት ስታቀርብ።

«የምን ሳህን?»

«ይኸን ሳህን። ስመታው ትቀመጥ የለ?»

ክሌም እንደ ተሰደበ ሰው ቀና አለ። «በፕሪስ ደን ውስጥ ሳህን እያንኳኳሁ ልሂድ? እንደ ለማኝ? አባቴ በፉጨት፣ አያቴ በፉጨት፣ እኔ በሳህን?»

«አያትህ በፉጨት ጠርቶት የመጣ ነገር ቢኖር ዕዳ ሰብሳቢ ነው» አለችና ሳህኑን መታች። ኔትል ተቀመጠች። ክሌም ግን ፊቱን ወደ መስኮት አዙሮ ነበርና አላየም።

በማግስቱ ማንም እሱን ወደማያውቅበት ከተማ በአውቶቡስ ሄዶ፣ ኮፍያውን ግንባሩ ላይ ደፍቶ ፊሽካ ገዛ። ሻጩ ሱቁ እስኪሰማ «ለመጀመሪያ ውሻዎ ነው አባባ? ማሠልጠኛ መጽሐፍ ልጨምርልዎት?» አለው። ክሌም ኮፍያውን ይበልጥ ደፍቶ ወጣ።

ከሸለቆው ማዶ፣ ከፈረሰው የጸሎት ቤት ጀርባ ተደብቆ አሠለጠናት። ነፋ፣ ቂጧን በእጁ ተጭኖ አስቀመጣት፣ ቁራሽ አይብ ሰጣት፤ ደግሞ ነፋ። አጠገቡ ሆና ትቆማለች። ራቅ ስትል አንዳንዴ ትቆማለች፣ አንዳንዴ አይቡ በየትኛው ኪሱ እንዳለ ለማጣራት ትመጣለች። ጊዜ ቢኖረው ትማር ነበር። ክሌም ሌላ ሰው ውሻ ሲያጣድፍ ቢያይ ኖሮ «ቂል» ብሎ ይሰድበው ነበር፤ ራሱን ለመስደብ ግን አፉ ሥራ ላይ ነበር።

የገና ማግስት ደረሰ፤ መሬቱ በውርጭ ነጭ ሆኗል። ጌቶቹ ጉንጫቸው ቀልቶ መጡ፤ ገሚሱ በብርዱ፣ ገሚሱ ከትናንት በተረፈው መጠጥ። ሰው ስለሚያንስ ኔስታም እንደ ሌላው ዓመት ተጠራች። የእሷ ሥራ ደኑ ጥግ አጠገብ ዛፍ ሥር ቆማ እንጨት በእንጨት እየመታች ወፎቹ በጎን እንዳያመልጡ መከላከል ነው።

ሰልፉ ተንቀሳቀሰ። ዱላ ግንድ ይመታል፣ ከረጢት ይራገባል፣ የግዌንዳ ሦስት ውሾችና የሌሎቹም እሾሁን ያተራምሱታል። ክሌም ጥርሱን አውልቆ ኪሱ ከቶታል። ፊሽካው በሸሚዙ ውስጥ ደረቱ ላይ እንደ ሌባ ተደብቋል። ኔትል ፊት ፊቱ ስትሠራ አየና ልቡ ትንሽ ረጋ። አቤት ስትሠራ!

ወዲያው ጥጉ ቀረበ። ኔትል አፍንጫዋን አነሣች። ሽታው መታት፤ ጅራቷ መወዛወዙን ትቶ ተንቀጠቀጠ፤ ከዚያ ተወረወረች።

ክሌም ፊሽካውን መዞ አቅሙ እስኪያልቅ ነፋ።

የግዌንዳ ሦስት ውሾች ቁጭ አሉ። ከግራ ያለችው ጥቁሯ ቁጭ አለች። ከቀኝ ያሉት ቁጭ አሉ። ከሰልፉ ዳር እስከ ዳር ያለ ስፓኒየል ሁሉ፣ አንዱ እግሩን ጉድጓድ ውስጥ እንዳንጠለጠለ፣ ባንድ ጊዜ ቁጭ አለ። ሰዎቹም ውሾቻቸው ሲቀመጡ ግራ ገብቷቸው ቆሙ። ደኑ ጸጥ አለ።

የማይቆመው የኔትል ኮሽታ ብቻ ነበር።

ክሌም የገዛ ቃሉን ሰማው፦ የነፋ ሁሉ ይነዳዋል። የሸለቆውን ውሻ ሁሉ ነድቶ የራሱን አጣ። ዳግም ሊነፋ አየር ሲስብ፣ ፊሽካው በሌለው ጥርስ በኩል ተንሸራቶ፣ ከገመዱ ተላቆ ቅጠሉ ላይ ወደቀ። ኔትል ጥጉ አፋፍ ደረሰች። አንድ አውራ ፌዛንት ክንፉን ዘረጋ።

«ቃን! ቃን!»

ኔትል ቁጭ አለች። ቁጭ ብላ ከንፈሯን ላሰች።

ከወፍራም ዛፍ ጀርባ ኔስታ ወጣች። በካፖርቷ ሥር ይዛ የመጣችውን የቆርቆሮ ሳህን በአንድ እጇ፣ ማንኪያውን በሌላው ይዛለች። ፌዛንቱ ክንፉን ሰበሰበ። ጥጉ ውስጥ ያለው ሁሉ ባለበት እንዳደፈጠ ቀረ።

ፕሪስ ለመጮኽ ተዘጋጅቶ ደረሰ። ቀድማ የተናገረችው ግዌንዳ ናት።

«የማን ፊሽካ ነው የኔን ውሾች ያስቀመጠ? ክሌም! ቅጠሉ ውስጥ የወደቀው ምንድን ነው? ፊሽካ? አንተ? ፊሽካ?»

«አደናቅፎኝ ነው፤ እኔ እንኳ—»

«አደናቀፈኝ ይላል! አንገትህ ላይ ገመዱ ተንጠልጥሎ!» ሳቋ ደኑን አናወጠው፤ ባንዲራ ያዦቹም ከረጢታቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ።

«ዝም በሉ፤ ወፍ አለ!» አለ ፕሪስ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ወደ ክሌም ዞረ። «ፊሽካውን ወዲህ በል። ሁለተኛ ደኔ ውስጥ ፊሽካ ብትነፋ ጌቶቹ አይደሉም የሚተኩሱብህ፣ እኔ ነኝ። ውሻዋ የቆመችው በሳህን ነው፤ በዓይኔ አይቻለሁ። እንግዲህ ምረጥ። ወይ ባንዲራ ትይዛለህ፣ ወይ ሳህን ትታጠቃለህ።»

ሰልፉ በሙሉ ጆሮውን ሰጠ። ክሌም የማዳበሪያ ከረጢቶቹን አየ። ኔስታን አየ፤ እሷ ግን ጓንቷን እያስተካከለች ነበር፣ አላገዘችውም። ኔትልን አየ። ጥጉ አፋፍ ላይ፣ የወፉ መዓት ሁሉ አፍንጫዋ ሥር ተከምሮ፣ እየተንቀጠቀጠች «በይ» የሚላትን ትጠብቃለች።

«ሳህኑን ስጪኝ» አለ።

«ማታ ትመልስልኛለህ» አለች ኔስታ። «እራቷን በመዳፌ አላቀርብላትም።»

ምሳ ሰዓት ላይ ከጌቶቹ አንዱ፣ አንገቱ በሐር መሐረብ የተጠቀለለ፣ የሾርባ ጽዋውን እንደያዘ አባራሪዎቹ ምሳ ወደሚበሉበት ጋጣ መጣ። በክሌም ቀበቶ ላይ በሲባጎ የታሰረውን ሳህን በዓይኑ ዳሰሰው።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ጠዋት ደወል የመሰለ ነገር ሰምቼ ነበር። የአካባቢው ጥንታዊ ልማድ ነው?»

ፕሪስ የጣሪያውን ወራጅ መቁጠር ጀመረ። ክሌም ለክብሩ ብሎ ጥርሱን ከኪሱ አውጥቶ፣ በእጅጌው ጠርጎ አፉ ውስጥ ከተተ።

«በጣም ጥንታዊ ነው ጌታዬ። ፌዛንት መብላት ከተጀመረ ጀምሮ ነው።»

«ድንቅ ነው! እንዲህ ያለውን ነገር መጠበቅ ያስፈልጋል።»

«እየጠበቅነው ነው ጌታዬ» አለ ክሌም። ግዌንዳ ሾርባው ትን አላት።

ከሰዓት በኋላ ሰልፉ እንደገና ተነሣ። ክሌም አንድ እርምጃ ተራመደ፤ ሳህኑ ከቀበቶው ዘለበት ጋር ተጋጭቶ «ቃን» አለ። ኔትል ቁጭ አለች። «በይ፣ በይ!» ብሎ ሰደዳት። ሁለተኛውን ተራመደ። ቃን። ቁጭ። ሰልፉ ጥሏቸው ሄደ፤ ከፊት የግዌንዳ ሳቅ ይሰማል።

ክሌም ቆሞ አሰበ። ከዚያ ሳህኑን በአንድ እጁ ሆዱ ላይ ለጥፎ ያዘው፣ ማንኪያውን በሌላው ጨበጠ፣ «በይ» ብሎ አፉን ገጠመ። እግሩን ውርጭ በለበሰው ቅጠል ላይ እንደ ድመት እያስቀመጠ፣ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ኮሽ ሳይል ሄደ። ኔትልም ጅራቷን እያርገፈገፈች እሾሁ ውስጥ ገባች።